ፈህሚያ በቅቤና በሻርፕ ላይ የዘመቱበት ዜና

በዓለማት ጌታ ስም፣ ያለ ፈቃዱ ብጉር እንኳ በማይወጣበት፣ ንጽሐፍ ዘንተ ዜና፤ ይህን ዜና እንጻፍ። በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዘመነ ማቴዎስ በሚሏት፣ እኛ የጎንደር አራዳ ሰዎች ግን ውኃ በቧንቧ እንደምትመጣ ስለ ረሳን ዘመነ ጄሪካን ብለን በምንጠራት ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ የጥጥና የፎጣ አዛዥ፣ የወዛም ቆዳ መድኃኒት፣ የብጉር ሁሉ ጠላት፣ በራሳቸው አገጭ ላይ ግን ሦስት ብጉር አስቀምጠው የሚኖሩት ፈህሚያ ወለተ ዐብዱልከሪም በውበት አጠባበቅ ሙያ ለመመዘን ለሦስተኛ ጊዜ ተነሡ።

የዚህ ዜና ጸሐፊ ማን ነው የሚል ቢኖር፣ እኔው ራሴ ፈህሚያ ነኝ። ነገሥታት ታሪካቸውን የሚጽፍ ሊቅ ያኖራሉ፤ እኔ አብራኝ የተማረችውን ዐዚዛን ብለምናት ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። የጎንደር ልጅ ነኝና፣ ከነገሥታቱ ግንብ ሥር ሳላልፍ የዋልሁበት ቀን ጥቂት ነውና፣ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለእኔም አይበዛብኝም ብዬ ራሴን አንቱ እያልሁ ጀመርሁ። በዚህ ትረካ ከንግሥቲቱ፣ ማለት ከእኔ፣ በቀር አንቱ የሚባል የለም፤ የወለደኝ አባቴ እንኳ እንደ ማንም ሎሌ «እርሱ» ተብሏል። ይህን ወስዶ ለአባቴ የሚያነብለት ሰው ከእኔ ጋራ መቼም አይታረቅ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ስለ ንግሥቲቱ ዕውቀት እንናገር። ቆዳ የሚባለው መንግሥት በሦስት አውራጃ የተከፈለ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ በላይኛው አውራጃ የሞቱ ሕዋሳት ተደራርበው ደጁን እንደሚጠብቁ፣ በመካከለኛው የደም ሥሮችና የላብ ዕጢዎች የወዝ ዕጢዎችም እንደሚኖሩ፣ በታችኛው ስብ ተንጣሎ እንደሚተኛ በአባታቸው ሱቅ ጨርቅ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር፤ ሰውየውም ጨርቁን ሳይገዛ ይሄድ ነበር። በዐይን ዙሪያ ያለውን ክብ ጡንቻ፣ የከንፈሩንም፣ ጉንጭን ለሳቅ የሚያነሣውንም በየስማቸው ይጠሩ ነበር። ፊት ሲታሽ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐልም ወደ ጠርዝ እንጂ ቆዳን ወደ ታች መጎተት ክልክል መሆኑን እናታቸው ኩልሱም ፊቷን ስትታጠብ አጠገቧ ቆመው እየነገሩ ያርሟት ነበር፤ እናታቸውም ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግታ ትታጠብ ጀመር።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ሳለ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ምክንያቱም እጃቸው ከዕውቀታቸው ይፈጥን ነበር። በመጀመሪያው ዘመቻ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ጣቶቻቸውን ወደ ላይ አቁመው በግርማ ሲራመዱ ሻርፓቸው ተንሸራተተ፤ እጃቸውም ማንም ሳይልከው ሄዶ አስተካከለው፤ በዚያው እጅ የደንበኛዋን ጉንጭ ነኩ፤ ወደቁም። በሁለተኛው ዘመቻ ሻርፑን ብቻ ሲጠብቁ ክሬሙን በማንኪያ ፋንታ በጣታቸው ጨለፉ፤ ደንግጠውም ሻርፑን ነኩ፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው እንዳያስሩ የከለከላቸው ማንም አልነበረም። ነገር ግን በአንድ የዐረብ መጽሔት ላይ አንዲት ቆንጆ ሻርፏን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አይተው ነበርና፣ ከዚያች ቆንጆ አላንስም ብለው ነበር።

አባታቸው ዐብዱልከሪም፣ የአራዳ ጨርቅ ነጋዴ፣ በእራት ሰዓት ዐዋጅ አስነገረ፤ ዐዋጁም ይህ ነው፦ «ስሚ፣ ፈህሚያ! ሁለት ጊዜ ወደቅሽ፣ ዝም አልሁ። ሦስተኛ ከወደቅሽ ከሱቁ ጎን ያለችውን ክፍል ለሞባይል ጠጋኝ አከራያታለሁ፤ አንችም ከእኔ ጋራ ጨርቅ ትለኪያለሽ። እናትሽ ብትለምነኝም አልሰማ!» ያቺን ክፍል ንግሥቲቱ ለውበት ቤት አስበዋት በገዛ እጃቸው ነጭ ቀለም ቀብተዋት፣ መስታወት ሰቅለውባት፣ በሯን ከፍተው ባዶዋን ቆመው የሚያዩአት ነበረችና ዐዋጁ ከባድ ሐዘን አሳደረባቸው። ምግብም አልበላ አላቸው፤ ጥቂት ቆይተው ግን በሉ።

በምዘናው ዕለት ማለዳ ያው ዐዋጅ ነጋሪ ከሱቁ ሁሉ የተሻለውን፣ ሐር መሳይ ሰማያዊ ሻርፕ አምጥቶ ትራሳቸው ላይ አኖረው። ንግሥቲቱም አባታቸው እንዲያልፉ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ደስ አላቸው፤ ሻርፑንም በዳሰሱት ጊዜ ፈሩ። በጎንደር ከተማ ከእርሱ የባሰ የሚያንሸራትት ጨርቅ አልነበረምና። ቢሆንም የአባት ስጦታ ነውና ለበሱት፤ ከአናታቸው ላይ በአንዲት መርፌ ብቻ አያይዘው፣ እንደ መጽሔቷም ቆንጆ ጫፉን በትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር። በቀኝ ክንፍ ጥጥና ንጹሕ ፎጣ፤ በግራ ክንፍ ማጽጃ ሎሽን፣ የፊት ማሻ ክሬም፣ ክሬም መጨለፊያ የእንጨት ማንኪያ፣ በጎድጓዳ ሳህን የተበጠበጠ፣ ፊት ላይ የሚለሰን የሸክላ ማስክ፤ በደጅ ደግሞ ዱዓ የምታደርገው ኩልሱም። ለመመዘኛ ፊቷን የምታውስ ሴት ግን በከተማው ጠፍታ ነበር፤ በሁለቱ ዘመቻዎች ፊታቸውን ያዋሱት የአራዳ ሴቶች ንግሥቲቱን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ስለዚህ ከደጋው አገር ከኮሶዬ ታየች ተጠራች፤ እርሷም ለኩልሱም ቤት ከዓመት ዓመት ቅቤ የምታመጣ፣ ንግሥቲቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የምታውቅ ገበሬ ናት። ንግሥቲቱ በስልክ «እትዬ ታየች፣ ፊትዎ ላይ ምንም ሳይቀቡ ይምጡ» ብለው አስቀድመው አዝዘው ነበር።

ታየችም ከደባርቅ መንገድ አውቶቡስ በወረደች ጊዜ ራሷ ከቅቤ ብዛት ነጭ ቆብ የደፋ ይመስል ነበር፤ ግንባሯና ጉንጮቿም ያበሩ ነበር። ንግሥቲቱም በመንገዱ ዳር ጮኹ። ታየች ግን እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ምነው ልጄ! ለእንዲህ ያለ ክብር ደረቅ ራስ ይዤ ልምጣ? የሰፈሩ ሴት ሁሉ አዋጥቶ ነው የቀባኝ። 'የፈህሚያን ነገር አደራ' ብለውኛል። ሸጋ ቅቤ ነው፣ አሽትችው!» ንግሥቲቱም አሸተቱ፤ በእውነትም ሸጋ ቅቤ ነበር። የማያውቁአቸው ሴቶች ስለ እሳቸው ቅቤ ማዋጣታቸውን ባሰቡ ጊዜ መቆጣት አቃታቸው።

በምዘናው ክፍል ደጃፍ መዛኟ እጅጋየሁ ቆማ ነበር፤ ጥቁር መነጽር የምታደርግ፣ ሳቋ ታይቶ የማይታወቅ ሴት። እርሷም ዐወጀች፦ «ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ መርፌ ቁልፍ ይውለቅ! እጁን ከታጠበ በኋላ የራሱን ፊት ወይም ልብስ የነካ ዳግመኛ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ደንበኛ የነካ ወድቋል! ክሬም በጣት አይጨለፍ! ውኃ ለእያንዳንዱ አንድ ጄሪካን ነው፤ ጨርሶ ሌላ የሚለምነኝ እንዳይኖር!» መርፌ ቁልፍ ይውለቅ የሚለውን በሰሙ ጊዜ ንግሥቲቱ ሻርፓቸውን የያዘችውን አንዲቷን መርፌ ነቅለው ሰጡ፤ ሻርፑም ያን ጊዜ በነጻነት ተነፈሰ።

ውጊያው ተጀመረ። ንግሥቲቱ እጃቸውን ታጥበው፣ ታየችን አስተኝተው፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥመው ቆዳዋን መረመሩ፤ በታላቅ ድምፅም ዐወጁ፦ «በጉንጭና በግንባር ላይ ማድያት አለ፤ የደጋ ፀሐይ ሥራ ነው። ቆዳው ደረቅ ነው። ከላይ የሚታየው ወዝ የራሳቸው ሳይሆን የኮሶዬ ላሞች ነው!» መዛኟም ይህን ጻፈች። ከዚያ ውኃ ቢያፈስሱባት ውኃው ቅቤውን ሳይነካ ተንከባልሎ አንገቷ ውስጥ ገባ፤ እንደገና ቢያፈስሱ እንደገና ገባ፤ ታየችም ተርገፈገፈች። ውኃና ቅባት እንደማይስማሙ ድስት ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ንግሥቲቱ ግን ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ እስኪመጣላቸው ድረስ ጠበቁ፤ እስኪመጣም የጄሪካኑ እኩሌታ አለቀ። በመጨረሻ ቅቤውን በደረቅ ጥጥ ጠረጉ፤ የቀረውን በሎሽን አሟሙ፤ በሞቀ ፎጣ አነሡ። በፎጣው ሙቀት የፀጉሯ ቅቤ ቀልጦ ወደ ግንባሯ ወረደ፤ ያንንም ጠረጉ፤ ሌላ ወረደ፤ ያንንም ጠረጉ።

ቅቤው ተሸንፎ የታየች የገዛ ፊቷ በወጣ ጊዜ፣ ንግሥቲቱ በእንጨት ማንኪያ ክሬም ጨልፈው ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከቅንድብ ወደ ግንባር ያሹአት ጀመር። ታየችም ዐይኗን እንደ ጨፈነች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ከእናቴ ወዲህ ፊቴን ሰው አጥቦልኝ አያውቅም። የልጁን፣ የበሽተኛውን፣ የሬሳውን ፊት ሳጥብ ኖሬ... እጅሽ እንዴት ይሞቃል ልጄ።» ንግሥቲቱ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተነካና ራሳቸውን ወደ እርሷ ዘንበል አደረጉ። ሻርፑ የጠበቀው ይህችን ሰዓት ነበር፤ ከትከሻቸው ወርዶ፣ ከአናታቸው ተንሸራትቶ ወደ ቅንድባቸው መጣ።

እጃቸው ተነሣ። አየር ላይም ቆመ፤ ይህም በዘመናቸው ሁሉ እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘላቸው ነው። ሻርፑን ሳይነኩ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ በአፍንጫቸው ሥር እያዩ ማሸቱን ጨረሱ፤ የሸክላውንም ማስክ ቀቡ። ነገር ግን ማስኩን ቀብተው ሲጨርሱ ሻርፑ ሁለቱንም ዐይኖቻቸውን ጋረደ፤ ጫፉም ወደ ታየች ፊት ይወርድ ጀመር። በጄሪካኑ የቀረው ውኃ ማስኩን ለማጠብ ብቻ ይበቃ ነበር። ሻርፑን ነክተው እጃቸውን ቢታጠቡ ማስኩ የታየች ፊት ላይ ይቀራል፤ ሳይታጠቡ ቢነኳት ወደቁ፤ ዝም ቢሉ ደግሞ የሚያዩት ሰማያዊ ጨርቅ ብቻ ነው። በዚያ ሰማያዊ ጨለማ ውስጥ ነጯ ክፍል ታየቻቸው፤ በእርሷም ውስጥ የሞባይል ጠጋኙ ተቀምጦ ነበር። ሊያለቅሱም ደረሱ።

ታየች ማስክ የተቀባ ሰው እንዳይናገር እንዳይንቀሳቀስም ተነግሯት ነበር። አንድ ዐይኗን ገለጠች፤ የንግሥቲቱን እጆች አየር ላይ ተንጠልጥለው አየች፤ ብድግ ብላም ተቀመጠች። ማስኩ በጉንጮቿ ላይ ተሰነጠቀ። እርሷም ቤቱ እስኪሰማ ድረስ ዐወጀች፦ «ምነው አንች ልጅ! ተይ፣ እጅሽን ወደ ሻርፑ እንዳትሰጅ! ጎንበስ በይ! ራስ እንዲህ ነው የሚታሰር፣ ለአጨዳ እንደሚወጣ ሰው!» ይህን ብላ የሐር መሳዩን ሻርፕ በሁለት ቅቤያም እጇ ይዛ፣ ወደ ኋላ ጎትታ፣ በማጅራታቸው ላይ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ደግማ ጠበቅ አደረገችው፤ ተመልሳም ተኛች፣ ዐይኗንም ጨፈነች። የዐረብ መጽሔቷ ቆንጆ በዚያች ሰዓት ከጎንደር ተሰደደች፤ ንግሥቲቱም የኮሶዬ አጫጅ መስለው ቆሙ፤ ሁሉን ነገር ግን አዩ።

መዛኟ እጅጋየሁ መነጽሯን አወለቀች፤ የምዘና ደንብ መጽሐፏን ገለጠች፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አገላበጠች። ከዚያ ዐወጀች፦ «መጽሐፉ የባለሙያዋ እጅ እንዳይቆሽሽ ያዝዛል። የባለሙያዋን ራስ ማን እንደሚያስር ምንም አይልም። ቀጥይ!» ንግሥቲቱም በቀረው ውኃ ማስኩን አጠቡ፤ ውኃውም በልክ ሆነ። በመጨረሻም ለደንበኛ ምክር መስጠት ሥርዓት ነውና፣ ከቀትር ፀሐይ እንድትጠበቅ፣ ሰፊ ባርኔጣም እንድታደርግ መከሯት። ታየች መለሰች፦ «ሸጋ ምክር ነው። ድንቹን ማን እንደሚኮተኩትልኝ አብረሽ ንገሪኝ።» መዛኟ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ጉንጭን ለሳቅ የሚያነሣው ጡንቻ በእርሷም ፊት ላይ መኖሩን ንግሥቲቱ በዐይናቸው መሰከሩ። ፍርዱንም አንዲት ቃል አድርጋ ተናገረች፦ «ብቁ!»

በወጡም ጊዜ ዐብዱልከሪምን በሞቀ የገበያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ከኩልሱም አጠገብ ቆሞ አገኙት። ወደ ፊታቸው አላየም፤ ያየው ሻርፑን ነው። በሰማያዊው ላይ ዐሥር የቅቤ ጣቶች ታትመው ነበር፤ በማጅራት በኩልም የሸክላ እድፍ ነበረ። ጨርቁንም እንደ ነጋዴ በጣቱ ዳስሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ዐወጀ፦ «ይህ እድፍ አይለቅም። ክፍሏ አትከራይም!» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

እንግዲህ የጥጥ አዛዥ፣ የቅቤ ድል አድራጊ፣ በሻርፕ ተከበው እጃቸውን ያልሰጡ፣ በአንድ ጄሪካን አገር ያቀኑ ፈህሚያን ማን ይመስላቸዋል! ግንቦቹ ቢናገሩ ባመሰገኗቸው፤ ስለማይናገሩ ግን ራሳቸው አመሰገኑ። በዚያች የክብር ሰዓት ንግሥቲቱ በአደባባይ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ የተማሩትን ሁሉ ረስተው ያልታጠበ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ሰደዱ። ታየችም እጃቸውን ይዛ አወረደች፤ በነጠላዋ ጫፍ እንባቸውን ጠረገችላቸው፤ ከዐይን ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ አገጭ፣ መጽሐፉ እንደሚከለክለው ከላይ ወደ ታች። ንግሥቲቱም አላረሟትም።