የጉድጓዱ ውሎ በወይዘሮ ታደሉ ደብተር

እኛ ቢሮ የምንውል ሰዎች አንድ አመል አለችን፤ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ የታወቀ ይመስለናል። እኔም ሰቆጣ ዙሪያ በውኃ ባለሙያነት እንደተቀጠርኩ፣ የየጉድጓዱን የውኃ ጥልቀት የምይዝበት ሰንጠረዥ ሠራሁና ደረቴን ነፋሁ። አዲስ ልኬት ሲመጣ የድሮውን አጥፍቼ በቦታው አዲሱን እጽፋለሁ። ንጹሕ ሥራ! አትፍረዱብኝ፣ ጀማሪ ነበርኩ።

አንድ በጋ ላይ የአንድ መንደር የእጅ ፓምፕ ውኃ መስጠት አቆመ። አለቆቼ ሰንጠረዤን አዩ፤ ቁጥሩ ውኃው ወደ ታች መራቁን ይናገራል። «ደርቋል» ተባለና ፓምፑ ተነቅሎ ለሌላ ቀበሌ እንዲሰጥ ተወሰነ። የመንደሩ ሴቶች እንግዲህ ጀሪካን አዝለው ገደል ለገደል ወንዝ ሊወርዱ ነው። ለመንቀል የሄድነው እኔና አንድ የጥገና ሠራተኛ ነበርን።

የጉድጓዱ ጠባቂ ወይዘሮ ታደሉ ደብተር ይዘው ጠበቁን።

«ውኃው አለ» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ጋ ያለው ልኬት እኮ ሌላ ነው የሚለው» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩላቸው።

«የአምናውስ የት አለ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ ልጄ፣ መጉደሉን በምን አወቅህ?»

ደብተራቸውን ተቀብዬ መግለጥ ጀመርኩ።

እሳቸው ፊደል የለዩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ሁልጊዜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ በክዳኑ ቀዳዳ ያወርዳሉ፤ እስከ ውኃው ያለውን በክንድ እየለኩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣንጋ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን በአማርኛ ይጽፋሉ። የትናንቱን አይነኩትም፤ የዛሬው ከሥሩ ይገባል። አንዳንዱ ቀን ባዶ ነው።

«ይሄስ?»

«ለቅሶ ሄጄ ነበር። ያላየሁትን ልጻፍ እንዴ?»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሦስት ዓመቱን አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፑ አስገባሁና በግራፍ መስመር አወጣሁት። መስመሩ በበጋ ይወርዳል፣ በክረምት ይወጣል፤ የዘንድሮው በጋ ከአምናውም ከካቻምናውም አይለይም። ውኃው እንደ ልማዱ እዚያው ነበር! ቧንቧውን ስናወጣው መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። የጥገና ሠራተኛው ለወጠው፤ ወይዘሮ ታደሉ እጀታውን ጥቂት ከፍ ዝቅ እንዳደረጉት ውኃው ግር ብሎ መጣ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔም፣ ጥፋተኛው፣ አብሬ እልል አልኩ።

ከወራት በኋላ ሰቆጣ ላይ ለጉድጓድ ጠባቂዎች የመረጃ አያያዝ ሥልጠና ተሰጠ። ወረቀቱ ላይ አሠልጣኙ እኔ ነኝ። ወይዘሮ ታደሉ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው ሲያስረዱ፣ አሠልጣኙ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ ዋለ። የውሎ አበሉን ግን ለሁለታችንም እኩል ከፈሉን፤ እኔ የእኔው ይበዛብኛል ብዬ ነበር።