መንገዱ ክፍት ነው

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው የተረቱት አበው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አልነበራቸውምና ይቅርታ ይደረግላቸው። ከሰበታ መለስ ብላ በፉሪ ኮረብታ ጥግ በተቆረቆረችው ከተማችን እውነት ማደር አያስፈልጋትም ነበር። ጠዋት አቶ ባርናባስ መግለጫ ሲሰጡ እዚያው ትጠራለች።

በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን አገር ምድሩ ሲናወጥ፣ ንቅንቅ ያላሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያ ቅዳሜ ሬድዮው ድምፁን አሳምሮ፣ "የከተማዋ ኮሙኒኬሽን ኃላፊ አቶ ባርናባስ እንደገለጹት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፤ ኅብረተሰቡም በተረጋጋ መንፈስ የዕለት ተግባሩን እያከናወነ ይገኛል" ሲል ሰምተው "እሰይ!" አሉ። ቀኑ የደስታ ቀን ነበር። አርባን ተሻግረው ያገኟትን ሰናይትን ለትዳር ሊጠይቁ አዲስ አበባ ቀጠሮ አላቸው። አባቷ አቶ ተክሉ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ "ሽማግሌ ብቻውን አልቀበልም፤ ልጁም አብሮ ይምጣ። ከስድስት ሰዓት ያሳለፈ ሰው አማቼ አይሆንም" ብለዋል። አቶ ባርናባስ ደግሞ ሰናይትን ከመግለጫ ሁሉ አብልጠው ይወዷታል።

ጸሐፊያቸው በቀለች እያለከለከች ገባች።

"አቶ ባርናባስ፣ መንገዱ ተዘግቷል!"

"አንቺ በየት መጣሽ?"

"በእግሬ ነዋ፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ።"

"መጥተሻል አልመጣሽም?"

"መጥቻለሁ።"

"ታዲያ በተዘጋ መንገድ ማን ይመጣል? ክፍት ነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ባለሱቁ አህመድ፣ ጤፍ የጫነው አይሱዙው ከትናንት ጀምሮ ተጂ ላይ እንደቆመ ቢነግራቸውም አልደነገጡም። "ያልመጣ ሾፌር ስለ መንገዱ ምን ያውቃል?" አሉት። በዚህ አኳኋን የመጣው ሁሉ ለአቶ ባርናባስ ሲመሰክር፣ ያልመጣው ለምስክርነት ሳይበቃ ቀረ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሥልጣን ቢያገኝ የት በደረሰ የሚሉ አሉ፤ አግኝቶ ነበር እኮ።

ረፋዱ ላይ ሙሉ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ከአህመድና ከአከራያቸው ከኦቦ ቦጂያ ጋር በኮንትራት መኪና ተነሡ። ከተማው መውጫ ላይ መኪናው ቆመ። ፊት ለፊት የድንጋይ ክምር፣ በላዩ የተጋደመ ባሕር ዛፍ፣ ከጎኑ የሚጨስ ጎማ።

"ካራን ጩፈሜራ" አሉ ኦቦ ቦጂያ፤ አቶ ባርናባስ ያልገባቸው መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት፤ "መንገዱ ተዘግቷል፣ ልጄ።"

"የኮብልስቶን ድንጋይ እኮ ነው፣ ኦቦ። ልማት ነው።"

"ባሕር ዛፉስ?"

"የመብራት ምሰሶ ሊሆን ነው።"

"ጎማውስ?" አለ አህመድ።

"የጽዳት ዘመቻ።"

ኦቦ ቦጂያ ከመኪናው ወርደው አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "በሉ እንግዲህ፣ ልማቱ እስኪያልቅ አረፍ እንበል" አሉ። በእግር እንሂድ ቢባል ለስድስት ሰዓት አይደረስም።

የአቶ ባርናባስ ስልክ ጮኸ። አቶ ተክሉ ናቸው።

"የት ደረስክ?"

አቶ ባርናባስ ክምሩን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። "አባቴ፣ መንገዱ... ትንሽ ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው? ጠዋት በሬድዮ ክፍት ነው ያልከው አንተ አይደለህ? ልጄን ካልፈለግካት በመንግሥት መንገድ አታሳብብ!"

"በእናትህ፣ መዘጋቱን ጮክ ብለህ ተናገር!" አለች ሰናይት ከአባቷ ኋላ እያለቀሰች። "ሰው ይመስክርልህ፤ አባዬም ይስማ!"

የለቅሶዋ ድምፅ አንጀታቸውን በላው። ሰናይትን ሊያጡ ነው። ለሱፋቸው ሳይሳሱ ክምሩ ላይ ወጡና ስልኩን ወደ ላይ ይዘው ጮኹ፤ "ወገን! መንገዱ ተዘግቷል! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል!"

ከክምሩ ማዶ ሁለት ፖሊሶች እየተንጠላጠሉ መጡ።

"ሐሰተኛ ወሬ ስትነዛ ተይዘሃል" አለ አንደኛው። "ኮሙኒኬሽን ከሰጠው መግለጫ ጋር ይጋጫል።"

"ድንጋዩ ይኸው እኮ!"

"የቱ ድንጋይ?" አለ ፖሊሱ፣ አደናቅፎት ሊወድቅ ሲል ባሕር ዛፉን ይዞ።

"ይኸው ፖሊስም መሰከረ!" አሉ አቶ ተክሉ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ወደ ጣቢያ የወሰዷቸው በእግር ነው፤ የፖሊሶቹ መኪና ማለፍ አቅቷት ማዶ ቀርታለች።

"መግለጫውን የሰጠሁት እኮ እኔው ነኝ!" እያሉ ለመኑ አቶ ባርናባስ። "ባርናባስ ማለት እኔ ነኝ!"

ፖሊሱ በሐዘኔታ አያቸው።

"አቶ ባርናባስ ብትሆን ኖሮማ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ታውቅ ነበር።"