ላም የሌለው እንግዳ

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እንግዳ ፊት እውነት ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ያመጣላችሁ ስኳር እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆኖ ሳለ «ምነው ተቸገርክ» ብላችሁ በሁለት እጃችሁ አልተቀበላችሁም? ልጃችሁን በሌላ ልጅ ስም ሲጠራው፣ ልጁን በዓይናችሁ ገሥጻችሁ «አቤት በል» አላላችሁትም? ብላችኋል። እኔም ብያለሁ። ይሉኝታ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው፤ ጥርስ ካበቀልንም በኋላ አይለቀንም።

እኔ ግን አርባ ዓመት ያህል የኖርኩት ይሉኝታ የሚባል ነገር በማይታወቅበት አገር ነው። ስሙን አልጠራም፤ የቀድሞ ጎረቤቶቼ አሁንም ጋዜጣ ያነባሉ። እዚያ የጋበዛችሁት ሰው አንዴ ቀምሶ «ጨው በዝቷል» ይላችኋል፤ ከዚያም ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቆይቶ ለመድኩት። ጡረታ ወጥቼ ጎባ ስመለስማ እኔው ራሴ እንደነሱ ሆኜ ተገኘሁ። ዘመዶቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ «መራራ ሴትዮ» የሚል ስም አወጡልኝ። ያሰበችውን ፊት ለፊት መናገር የለመደች ሴት ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አትጠብቅም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያቺ የኖርኩባት አገርና የእኛዋ አገር «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ሠራሽ አስተውሎት» በተባለ ጉዳይ ላይ አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት ዕድሜያችን አለቀ፤ ማሽኑ ቀድሞን ሊሰማው ነው! ሐሳቡ ግን ቁም ነገር ነበረው። ማሽኑ ሰውን ሳይጎዳና ሳያዳላ እንዲሠራ፣ ሲሳሳትም ተጠያቂ እንዲኖረው ሁለቱ አገሮች ደንብ ያወጣሉ። ደንቡ የሚሞከረው ደግሞ በእኛ በባሌዎች ስንዴ ላይ ነው። በስልክ ውስጥ የሚቀመጥ አማካሪ ሠርተዋል። ገበሬው የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንስቶ ያሳየዋል፤ አማካሪው በኦሮምኛም በአማርኛም እያነጋገረ በሽታውን ይለይና «ይርጩ» ወይም «አይርጩ» ይላል። ሲናና ወረዳ ውስጥ ያሉ ጥቂት ገበሬዎች አንድ ወር ሞከሩት። ሙከራው ከሠመረ ስምምነቱ ሮቤ ላይ ይፈረማል፤ ከዚያ በኋላ በመላው ባሌ የመርጫ መድኃኒት ከመጋዘን የሚወጣው አማካሪው ሲያዝ ብቻ ይሆናል።

የሙከራው አስተባባሪ አቶ መኮንን የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባቱን በግንቦት ሙቀትም የማይፈታ ትሁት ሰው ነው። ጎባ ድረስ መጥቶ፣ እንደ አገሬው በኦሮምኛ «እናቴ» ለማለት፣ «አዴ፣ ሦስቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ከእርስዎ ሌላ አላገኘንም፤ የፊርማው ዕለት ያስተርጉሙልን» አለኝ። እሺ አልኩ። ከቤት ተቀምጦ ዝናብ ከመቁጠር ይሻላል።

በፊርማው ዋዜማ ሲናና ወደምትኖረው ወደ አክስቴ ልጅ ወደ ፋጡማ ሄድኩ። ከሞካሪዎቹ አንዷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በአንዲት የስንዴ ማሳ ነው። ስንዴው መሐል ገብቼ ስወጣ ቀሚሴ ብርድ ልብስ ላይ እንደተደፋ እርድ ቢጫ ሆነ።

«ፋጡማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢጫ ዋግ ነው» አለች፣ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ይመስል።

«አማካሪው ምን አለሽ?»

«በዚህ ወር ማሳ ላይ ስንዴ አይኖርም፤ ይህ ሳይዘራ በራሱ የበቀለ ስለሆነ ነቅለው ለከብት ይስጡት አለኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሌላው የአገራችን ክፍል ስንዴን በዓመት አንዴ፣ በክረምት ይዘራል። ባሌ ግን ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ በመጋቢት አካባቢ «ገና» የምንለውን (የልደቱ ገና አይደለም) የበልግ ሰብል፣ በክረምት ደግሞ «ቦና» የምንለውን። ማሽኑን ያስተማሩት ሰዎች የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ገለቶማ አልኩት።»

«አመሰገንሽው? አብደሻል?»

«እንግዳ አይደለም እንዴ! ደግሞ ምስኪን ነው። የመጣ ቀን ሰላምታ ስንለዋወጥ ከብቶችህ ደህና ናቸው ወይ ብለው ከብት የለኝም አለኝ። ልጆችህስ ብለው ልጅም የለኝም። ወላሂ፣ አንድ ላም እንኳ የለውም! ላም የሌለውን እንግዳ ተሳስተሃል ልበለው?»

ስልኩ ከእያንዳንዱ ምክር በኋላ «ረድቶዎታል?» ብሎ ይጠይቅና የሳቀና ያዘነ ፊት ሥዕል ያወጣል። ፋጡማ የምትጫነው የሳቀውን ፊት ነው። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። አንድም ሰው ያዘነውን ፊት አልነካም፤ እንግዳ ላይ ፊት ማጥቆር ነውር ነዋ! ይሉኝታችን በሽቦ አልፎ ባሕር ማዶ ሲደርስ «ሁሉም ተጠቃሚዎች ረክተዋል» የሚል ሪፖርት ሆኖ ቁጭ አለ።

መድኃኒቱ የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለሞካሪዎቹ ደንቡ ከወዲሁ ይሠራል፤ ማሽኑ ካላለ አይወጣም። ዋጉ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተረጨ ደግሞ የገናው ስንዴ ሄደ ማለት ነው፤ ከእሱም ጋር ለቦና የምትዘራው ዘር። «ነገ አዳራሹ ውስጥ ትናገሪያለሽ» አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለች። ይህ ቃል በፋጡማ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ።

በማግስቱ የሮቤው አዳራሽ በባንዲራና በፕላስቲክ አበባ አሸብርቆ ጠበቀን። አቶ መኮንን ሪፖርቱን አነበበ። የባሕር ማዶዋ ባለሙያ፣ ቀጥ ያለች ረጅም ሴት፣ ብዕሯን ከማንሳቷ በፊት ወደ ገበሬዎቹ ዞረችና «ያጋጠማችሁ ችግር አለ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

«የለም፣ ጥሩ ነው» አሉ።

ሴትዮዋ አላመነችም፤ ደግማ ጠየቀች። «በጣም ጥሩ ነው፣ ገለቶማ» አሉ። ይባስ ብላ ፋጡማ ብድግ አለችና «ማሻአላህ፣ እንደሱ ያለ አላየንም» ብላ አማካሪውን መረቀችው። የቀሚሷ ጠርዝ በዋግ አቧራ ቢጫ እንደሆነ ነበር።

አስተርጓሚ አፍ እንጂ ሆድ ሊኖረው አይገባም። እኔ ግን ማይክራፎኑን ይዤ፣ ማንም ያላለውን ነገር በኦሮምኛ መናገር ጀመርኩ። የሞካሪዎቹን ሽማግሌ፣ አባ ቦሩን ነው የጠየቅኳቸው።

«አባ ቦሩ፣ ይህ አማካሪ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«ወር ሞላው።»

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው። ወር የቆየ ሰውስ ምንድን ነው?»

አባ ቦሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ወር የቆየማ እንግዳ አይደለም» አሉ። «የቤት ልጅ ነው።»

«የቤት ልጅ ሲያጠፋስ?»

«ይገሠጻላ!»

ያኔ ግድቡ ፈረሰ። «ገና የሚባል ወቅት አያውቅም!» አለ አንዱ። «ገብሴን ስንዴ ነው ብሎኛል!» አለ ሌላው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በስህተት የገዛ አውራ ጣቱን ፎቶ አንስቶ ቢያሳየው «ሥሩ በስብሷል» እንደተባለ ጣቱን ቀስሮ አስረዳ። አባ ቦሩ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ እንደሚያቋርጣቸው አመለከቱ፤ ከሁሉ የከበደው ክስ ይህ ነበር። በመጨረሻ ፋጡማ እንደገና ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች፤ ቢጫው አቧራ በአዳራሹ ብርሃን ውስጥ ቦነነ።

«ስንዴዬ እየሞተ ነው! መድኃኒቱ ተቆልፎበታል! እሱ ግን ነቅለሽ ለከብት ስጪ ይለኛል። አንድ ላም የሌለው ስለ ከብት ምን አገባው?»

እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩ። አንድም ሳላስቀር፣ የአውራ ጣቱን ጭምር። ልደብቃችሁ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን የወደድኩበት ጊዜ የለም። አቶ መኮንን ላቡን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አዴ፣ እባክዎ ትንሽ ለስለስ አድርገው» አለኝ። «ልጄ፣ ለማለስለስ ቅቤ ግዛ፤ እኔ የመጣሁት ለመተርጎም ነው» አልኩት።

ረጅሟ ሴትዮ አልተቆጣችም። ብዕሯን አስቀምጣ እርሳስ አነሳችና ትጽፍ ጀመር፤ ፊቷ እንደ ፋሲካ ዶሮ ሻጭ በራ። «ወር ሙሉ ስጠብቅ የነበረው ይህንን ነው» አለች። ፊርማው ከጠዋት ወደ ከሰዓት ተላለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ አገሮችና የሲናና ገበሬዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ውሉን እንደገና ጻፉት። ማሽኑ የማያውቀውን «አላውቅም፣ ሰው ይጠይቁ» እንዲል ግዴታ ገባ። የባሌን ሁለት ወቅቶች ከባሌ ገበሬዎች ይማራል። ገበሬው ዓይኑ ያየውን አምኖ መድኃኒት ሲጠይቅ ማሽኑን ጠብቅ አይባልም። ከምክሩ በኋላም «ረድቶዎታል?» መባሉ ቀርቶ «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስጻፉት አባ ቦሩ ናቸው። ሰላምታ እንዳያቋርጥም አስጻፉ። የሁለት አገር ባለሥልጣናት፣ የሕግ አዋቂዎቻቸው ሳይቀሩ፣ ሰላምታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል በሚለው ላይ ሲከራከሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ገበሬዎቹ አሸነፉ።

መጋዘኑ የዚያኑ ዕለት ተከፈተ። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ማሳው ተረጨ። ስንዴው ዳነ! ሐምሌ ላይ ስሄድ ወገቤ ድረስ መጣ፤ ዛላው ከክብደቱ የተነሳ አጎንብሷል። ፋጡማ ለአጨዳው ሰው ሰብስባለች፣ አባ ቦሩ መርቀዋል፣ አቶ መኮንን እንኳ ክራባቱን ፈትቶ ነዶ ተሸክሟል። ደስ አለኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያውቃል።

ከአጨዳው በኋላ ፋጡማ አጠገቤ ተቀመጠች። እጆቿን ታሻሽ ጀመር።

«የቤት ልጅ እውነት ይነገረዋል ካልን፣ ለአንቺም የምነግርሽ አለኝ» አለች። «እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።»

እናቴ ከሞተች በኋላ ለሁለት ዓመት «እናትሽ ደህና ናት፣ ትስምሻለች፣ ጉልበቷን ብቻ ትንሽ ያማታል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰኝ ነበር። በባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይነገርም በሚለው ወግ። ፊርማው የአባቴ ነበር፤ አባቴ ግን መጻፍ አይችልም። እኔ ለጉልበቷ የሚሆን ቅባት እየገዛሁ እልክ ነበር።

«ይከፋሻል ብለን ነው፤ ሩቅ አገር፣ ብቻሽን…» አለችና ማልቀስ ጀመረች። አባ ቦሩ ሰምተው ጠጋ አሉ፤ በአዝመራ ቀን ቂም እንደማያድር አስረዱኝ። አቶ መኮንንም አጋጣሚውን ተጠቅሞ ስለ ሪፖርቱ አብሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ።

«እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ» አልኳት። «ይቅር ግን አልልም፤ ብል ይሉኝታ ነው። አንቺንም፣ አባቴንም፣ ያየ የሰማ ጎረቤቱንም። አቶ መኮንንንም አልልም። ማንንም።»