ጋሽ ደሳለኝ በብርድ ቤት ሲሸጥ

ውሸት ነው አላችሁ? በደቡብ አፍሪካ የሐምሌ ብርድ፣ ሰዉ ለእረፍት ወደ ሞቃቱ ደርባን በሄደበት ጊዜ ቤት አይሸጥም? ጋሽ ደሳለኝን አታውቁትማ! ሚስቱ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ልትወልድ ነው፤ ጆሃንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን ያለውን ቤቱን ሳይሸጥ መሄድ አይችልም። ደላላዋ፣ "ገዢ ሲመጣ ከቤት ውጣ" አለችው።

"እንግዳ እየመጣ?" ብሎ ጭራሽ እኛን የአገሩን ልጆች ጠራ። ሳሎኑን ሞላነው።

ገዢዋ፣ አንዲት የአገሬው ሴት፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጠች ገባች። "ሳውቦና ማማ!" ብሎ በዙሉኛ ሰላም አላትና፣ "መኝታ ቤቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ብዪ!" ብሎ ዶሮ ወጥ አጎረሳት። ወዲያው ጃኬቷን አወለቀች።

"ቤቱን እንዲህ የሚያሞቀው ሂተር የታለ?" አለች።

"ሂተር የለም ማማ፤ እነሱ ናቸው" ብሎ ወደ እኛ ጠቆመ።

"እሁድ እሁድ ከመጡልኝ እገዛለሁ!"

ይኸው ጋሽ ደሳለኝ ሆሳዕና ልጁን አቅፏል፣ እኛ ማማ ቤት እንበላለን። ካላመናችሁ ጆሃንስበርግ የሐበሻ ሰፈር፣ ጀፕ ውረዱና ያገኛችሁትን ሐበሻ ጠይቁ፤ "እዚያ ቤት አልነበርኩም" የሚል ካለ እኔን ጥሩኝ!