የጎን ፊት

ሰው መታየት ይወዳል። አልወድም የሚላችሁን አትመኑት፤ አልወድም ሲል እንኳ ማን እንደሰማው ዞር ዞር ብሎ ያያል። እኔማ እወዳለሁ። ችግሩ የሚያየኝ ሰው ጠፋ እንጂ።

ሥራዬ በፍየል ቆዳ ላይ ሥዕል መሣል ነው። ድሮ ጣና ዳር ከዛፉ ሥር ዘርግቼ ስቀመጥ፣ ወደ ገዳማቱ በጀልባ የሚሻገረው እንግዳ ሲሄድ ያየኛል፣ ሲመለስ ይገዛኛል። ሥዕሌን ማለቴ ነው። እንግዳው ሲቀንስ ሥዕሉ ቤት ገባ፤ አልጋው ሥር ሞልቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ጥሩዬ "እንግዲህ የሣልሃቸው ጻድቃን ይቀመጡ፣ እኛ እንውጣላቸው?" አለችኝ። እኔም ብሩሼን ሰቅዬ ጥበቃ ልቀጠር ቆረጥሁ። ማመልከቻ አጽፌ ኪሴ ከተትሁ።

ይህን የሰማችው ጎረቤታችን ሰዓዳ ናት፤ ሹም አቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች።

"ጋሽ ፈንቴ፣ አንተን የሚያስፈልግህ ብሎግ ነው።"

"ቤት አልሠራ፣ ብሎኬቱን ምን ላድርገው?"

"ብሎኬት አላልሁም! ብሎግ! ኢንተርኔት ላይ ያለ ደብተር በለው። ሥዕልህን ትለጥፍበታለህ፣ ታሪኩን ከሥሩ ትጽፋለህ፣ ሰው የትም ሆኖ ገልጦ ያያል። እዚህ ቅርብ ዱርቤቴም ይሁን ሩቅ ቻይና።"

ጣና ዳር ወርደን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣቻቸው። ቆዳው እንዴት ተዘፍዝፎ እንደሚወጠር፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚቀባ ስነግራት በሁለት አውራ ጣቶቿ ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ "የአንተ ፎቶ ቀረ፤ ወደ ሐይቁ ዞር በል፣ በጎን ላንሣህ" አለችኝ።

"ሞቼ ነዋ!"

በእኛ አሣሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ነው። እንዴት ብዬ በገዛ ደብተሬ ላይ ከዚያ ወገን ልሰለፍ?

"ወላሂ፣ ቻይናው ይህን በምን ያውቃል?"

"ዱርቤቴው ያውቃል!"

ዓይኔን በልጥጬ ፊት ለፊት ተነሣሁ። ጥሩዬ ፎቶውን አይታ "ምን አስደነገጠህ?" አለች። ሰዓዳ ደግሞ ክርክራችንን አንድም ሳታስቀር ከሥሩ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ዝም። በሳምንቱ "አንድ ሰው አይቶታል" ብላኝ ስፈነድቅ፣ ለካ ራሷ ናት። ተስፋ ቆርጬ ማመልከቻውን ከኪሴ አውጥቼ እጥፋቱን ሳቃና፣ ሰዓዳ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። "ተጻፈልህ! ስማ!"

"ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከዱርቤቴ ነው። ስንጋባ ጣና ዳር አስቀምጦ የሣለን ሰው ነበር፤ ስሙን አልጻፈበትም። ብሎግዎ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳይ ግን በጣቶቹ አወቅሁዎት፤ እንዲህ አርዝሞ የሚሥል ሌላ ሰው አላየሁም። ይኸው ሃያ ዓመት ግድግዳችን ላይ አለን። አሁን ጽሑፉን ሳነብ ግን ደነገጥሁ። ባሌን በአንድ ዓይን ነው የሣሉት! ምን አይተውበት ነው?"

አስተማሪዬ ሥዕል ላይ ስም አይጻፍም ስላለኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስሜን ጽፌ አላውቅም። እኔ እዚህ አይቶኝ የሚያውቅ የለም ብዬ ሳለቅስ፣ ለካ ዱርቤቴ አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታይ ኖሬአለሁ። ያውም በጣት ታውቄ!

ሙሽራውም ትዝ አለኝ። "ወደ እኔ እይ" እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል፣ መልሶ ወደ ሙሽሪት ይዞራል። ሦስት ጊዜ ለመንሁት። ቢቸግረኝ እንደዞረ ሣልሁት።

"ጻፊ" አልኋት ሰዓዳን። "ጥፋቱ የእሱ ነው በይ። አንችን ከማየት አልመለስ ብሎኝ ነው በይ።"

መልሱ ወዲያው መጣ። "ዛሬም እንዲሁ ነው። ልጃችን ልታገባ ነው፤ እሷን ደግሞ መጥተው ይሣሉልን፤ ስልኬም ይኸው።" ማመልከቻውን ገልብጬ ጀርባው ላይ የዱርቤቴን ስልክ ጻፍሁበት።

በማግስቱ ጣና ዳር "ሰዓዳ፣ ፎቶዬን ቀይሪልኝ፤ በጎን አንሽኝ" አልኋት። ተቀምጬ ዞርሁ። በዚያ በኩል ጥሩዬ አዲስ ቆዳ ትወጥራለች።

"ጋሽ ፈንቴ፣ ሐይቁ በዚህ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ" አልኋት።