«ብቻ…» ብሎ የተቋረጠው ስልክ

የኮምፒውተር ኔትወርክ የተፈለሰፈው አሜሪካ ነው የሚል ሰው ከጃናሞራ ስልክ ተደውሎለት አያውቅም። ይህን የምላችሁ ሙያውን ንቄ አይደለም፤ ጎንደር ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርክ አስተምራለሁ፣ እንጀራዬም ከዚሁ ነው። «ፕሮቶኮል» የሚባለው ነገር ደግሞ አያስፈራችሁ። ሁለት ማሽኖች ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚመልስ፣ መሰማታቸውንም በምን እንደሚያውቁ የተስማሙበት ደንብ ነው። ሰላምታ በሉት።

ከወር በፊት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቤቴ ሆኜ ለከሰዓቱ ክፍል የጥንቱን የፕሮቶኮል ታሪክ እያዘጋጀሁ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ሲገናኙ አንደኛው ወገን አንድ ቃል ፊደል በፊደል ሊልክ ተነሣ። ባለሙያዎቹ ጎን ለጎን ስልክ ይዘዋል። «ገባ?» «ገባ።» «ሁለተኛውስ?» «ገባ።» ከዚያ ማሽኑ ቀጥ አለ። ይህ ዓለምን ያገናኘ ጉድ ሁለት ፊደል አድርሶ ነው የተዘረረው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ይስቁልኛል እያልኩ ብቻዬን ፈገግ ስል ስልኬ ጮኸ።

አያ ፈንታ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ ይኖራሉ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ለመደወል ዳገት የወጣ ሰው ደግሞ ሰላምታ አያሳጥርም።

«እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ አያ ፈንታ?»

«ሚስትህ ደህና? ልጆች ደህና? ጎረቤት ደህና? ከብቱስ?»

«ደህና ነው።»

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ግን «ከብቱስ?» ላለ ሰው «ደህና ነው» ይባላል እንጂ ስለ ፎቅ አይብራራም።

«እማየስ ደህና ናት?» አልኩ።

«እሷም… ሁላችንም ደህና ነን። ምንም የለም። ብቻ…»

ተቋረጠ።

እስቲ «ብቻ» ስንት ፊደል እንደሆነ ቁጠሩልኝ…

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተ ሰው በስልክ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ነው የሚባለው። «ምንም የለም፣ ብቻ ብቅ በል» ከተባለማ ቀብሩም አልፏል። ባለቤቴን ሙሉነሽን ጠራኋት።

«ምን አሉህ?»

«ምንም የለም አሉኝ።»

ሙሉነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከምንም የለም ቀጥሎስ?»

«ብቻ።»

ተነሥታ ጥቁር ነጠላዋን ፍለጋ ቁምሳጥኑን ከፈተች።

ደወልኩ። ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ። ተይዟል። ይኸም በታሪክ ያለ ነው። ድሮ ውቅያኖስ መሐል ባሉ ደሴቶች በሬዲዮ የሚነጋገሩ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሁለቱ እኩል ከተናገሩ መልእክታቸው ተጋጭቶ ይጠፋል፤ እኩል ጠብቀው ቢደግሙት ተመልሶ ይጋጫል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ እንደየዕጣው የተለያየ ጊዜ ዝም ይበል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምረዋለሁ። ግን እነዚያ ኮምፒውተሮች እናት አልነበራቸውም። ጣቴ አላርፍ አለኝ፤ ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ተይዟል።

ክፍሉን ሰርዤ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን፤ የሰፈራችን ሴቶችም ጥቁር በጥቁር ሆነው ሞሉት። ከደባርቅ ወዲያ ስልኬ ጨርሶ ምልክት አጣ። የምሬን ነው የምነግራችሁ፣ ፈራሁ። ሳልሰናበታት ሄደች ብዬ ሹፌሩ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ስንደርስ አያ ፈንታ ደጃፍ ቆመዋል። እንግዲህ በእሳቸው ዓይን እዩት። በሥራ ቀን፣ ሳይነገር፣ ጥቁር የለበሰ ሰው የሞላባት ማኪና ከከተማ መጣች። እዚያ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ወይኔ ወገኔን!» ብለው ጮኹ። የእሳቸውን ጩኸት ስንሰማ እኛ እርግጠኛ ሆንን፤ የእኛ እሪታ ሲሰማ ደግሞ ሰፈሩ እርሻውን ጥሎ መጣ። ሁለቱም ወገን «መልእክቱ ደርሶኛል» እያለ ያለቅሳል፤ መልእክት የላከ ግን የለም።

ከዚያ መሐል ከሁሉም አብልጣ የምታለቅስ ሴት ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴ ናት። ጥብቅ አድርጌ ይዣት በደስታ ተንሰቀሰቅሁ። እሷም ይኸን አይታ ሰው መሞቱን አረጋገጠች።

«ንገረኝ ልጄ፣ አትደብቀኝ። ማን ነው የሞተው?»

«አንቺ» አልኳት።

ማልቀሷን አቁማ ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች። «ምነው፣ እኔ ምን ሆንኩ? ማን ነገረህ?»

«አያ ፈንታ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ አያ ፈንታ ዞረ።

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «‹ብቻ ይኸ ስልክ እየተቋረጠ አስቸገረኝ፤ አንተ የዚህ ነገር አስተማሪ ነህና ምን ላድርገው› ልልህ ስል ተቋረጠ። ከዚያ ብደውል ብደውል መስመሩን ይዘኸዋል። ከማን ጋር ነው እንዲያ ስታወራ ያረፈድከው?»

ለቀስተኛውም ሰው አልሞተም ተብሎ ዝም ብሎ አይበተንም፤ ጠላ ተቀዳ። ያመለጠኝን ክፍል እዚያው ግቢው ውስጥ አስተማርኩ። ዘመን ሲሻሻል ኮምፒውተሮቹ ጉዳይ ከማውራታቸው በፊት መጠያየቅ እንደ ጀመሩ ነገርኳቸው። አንዱ «ትሰማኛለህ?» ይላል። ሌላው «እሰማሃለሁ፣ አንተስ ትሰማኛለህ?» ይላል። የመጀመሪያው «እሰማሃለሁ» ይልና ወደ ጉዳዩ ይገባል።

«ሸጋ ነው» አሉ አያ ፈንታ። «ሰላምታው የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው ነው ሰላምታው።»

«ስለ ሚስት የለ፣ ስለ ከብት የለ… ምነው፣ ተጣልተዋል?»

የፈረደችው እናቴ ናት። «ከእንግዲህ ጉብታውን እኔም እወጣለሁ» አለች። «ማንም ቢደውል መጀመሪያ የእኔን ድምፅ ትሰማለህ። ከዚያ ቢቋረጥም ይቋረጥ።»

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ዳገቱ አድክሟት ታለከልካለች።

«ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ እማየ። ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ።»

ተቋረጠ። ሙሉነሽ ቁምሳጥኑን አልከፈተችም። እኔም እንደ ደሴቶቹ ኮምፒውተሮች ጣቴን ሰብስቤ፣ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ። እውነትም ስልኩ ራሱ ጮኸ። አያ ፈንታ ናቸው፤ ተቆጥተዋል።

«እናትህ ዋናውን ሳታነሣው ተቋረጠ» አሉ። «ከብቱስ?»

«ደህና ነው» አልኳቸው።