ሰው ያላቸው ጋሽ ጀማሉዲን

«ሰው አለኝ» የሚል ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጎንደር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። በሸምሲያ ቤተሰብ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ክቡር ጋሽ ጀማሉዲን ናቸው። መታወቂያ ለማሳደስ ሰው አላቸው። ለመብራት ቆጣሪ ሰው አላቸው። ዝናብ የሚያቆም ሰው እንዳላቸው ብቻ እስካሁን አልተናገሩም።

ሸምሲያ አራዳ ገበያ ያለውን ሱቋን ሸጣ ሁለት የጭነት መኪና ስትገዛና ድርጅት ላቋቁም ስትል ዘመድ ሁሉ ደነገጠ። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ቴምራቸውን እያላመጡ፣ «የንግድ ምዝገባውን፣ የፌዴራሉን የብቃት ማረጋገጫ ለእኔ ተይው። አዲስ አበባ ሰው አለኝ» አሉ። የድርጅቱ ስም ተይዟል እየተባለ ደጋግሞ ሲመለስ፣ በመጨረሻ «ሸምሲያ የጭነት ማመላለሻ» አስብለው መጡ። «ሰውዬዬ የመረጠልሽ ነው» አሏት።

ዘንድሮ የብቃት ማረጋገጫው ማደሻ ጊዜ ሲደርስ በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «በሰውዬው እጅ ነው፤ አትነዝንዢኝ።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሾፌሯ ሙሉሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የጠዳ ኬላ ደወለላት።

«እትዬ፣ ያዙን። የብቃት ማረጋገጫው ጊዜው አልፏል አሉ። የጫንሁት ሽንኩርት ነው፤ ፀሐዩም ከሯል።»

የጋሽ ጀማሉዲን ስልክ ዝግ ነው። ሚስታቸው ትናንት አዲስ አበባ ሄደዋል አለቻት። ሸምሲያ በማግስቱ በመጀመሪያው አውሮፕላን ተሳፈረች፤ መንገዱን ሁሉ ለጋሼና ለሰውዬአቸው የምትናገረውን ስታሰላስል ቆየች።

ማረጋገጫውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በር ላይ ስለ ጋሼ ጥበቃውን ጠየቀችው።

«የጎንደሩን አባት ነው?» አላት ጥበቃው። «ከእኛ ቀድመው ነው በሩ ላይ የሚደርሱት። አምና ምዝገባውን ሲያወጡም ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ነበሩ። ፎቅ ላይ ወረፋ ይዘዋል።»

አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከሰው መሐል፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ።

«ሰውዬውስ?» አለች።

«ጡረታ ወጣ።»

«መቼ?»

«መኪኖቹን ሳትገዢ።»

ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ወንድሜ ሲሞት ሁሉም እኔን አየ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «እንደ ማንም ሰው እሰለፋለሁ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? አምና ጉልበት ነበረኝ። ዘንድሮ ደረጃው ከበደኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከሩቅ አዛን ተሰማ። ጋሽ ጀማሉዲን በሩን አዩ፣ ወረፋውንም አዩ።

«ይሂዱ፣ ይስገዱ» አለች። «እኔ እይዛለሁ።»

ተቀመጠች። ወንበሩ ገና ይሞቅ ነበር።

ሳይመለሱ ተራቸው ደረሰ። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ ብላ ገባች፤ ቅጣቱን ከፍላ፣ ፈርማ፣ የታደሰውን ይዛ ወጣች። ፎቶ አንሥታ ለሙሉሰው ላከችና ደወለች።

«ተነሣ። ሽንኩርቱ የላይ የላዩ ከተበላሸ ጥለኸው ቀጥል።»

ጋሽ ጀማሉዲን ሲመለሱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሸምሲያ ደረጃው አፍ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ክንዳቸውን ያዘች። አራዳ ላይ ማንንም ቆማ ጠብቃ የማታውቅ ሴት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እሳቸው ሁለተኛ እግራቸውን እስኪያወርዱ እየቆየች ወረደች።